ልጃችሁ ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ክሬዲት ይውሰድ? ፎርሙ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ልጁ ሃይስኩል የደረሰለት ወላጅ ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። ከቅዳሴ በኋላ፣ ልደት ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ ይነሳል። «የእነ እገሌ ልጅ ሃይስኩል ስትጨርስ የሁለት ዓመት ኮሌጅ አብራ ጨረሰች። አንድ ሳንቲም አልከፈሉም።» ወሬው እውነት ነው። ያደረጉት ብዙ የኛ ልጆች አሉ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጁ ፎርም ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ሲመረጥ ነው። «ነገ ዴድላይኑ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሙልኝ» ይላል። ነፃ የተባለ ነገር ደግሞ ማን እምቢ ይላል?

እኔ የምመክረው ከመፈረማችሁ በፊት ጥቂት ሥራ እንድትሠሩ ነው። ክሬዲት፣ ማለትም ለዲግሪ የሚቆጠር የኮርስ ነጥብ፣ ዋጋ የሚኖረው የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሲኖር ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሩ። ልጁ የት ለመግባት ያስባል? ምን ማጥናት ይፈልጋል? እዚያ ይህ ክሬዲት ምን ይሠራለታል? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

1. የትኛው መንገድ እንደቀረበላችሁ እወቁ

ሁሉም «የኮሌጅ ክሬዲት» ይባላል፤ መንገዱ ግን ይለያያል። ዋነኞቹ ሁለት ናቸው።

አንደኛው ኤፒ (አድቫንስድ ፕሌስመንት) ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው እዚያው ሃይስኩል ውስጥ፣ በሃይስኩል አስተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ ኤ ማግኘት ብቻውን የኮሌጅ ክሬዲት አያስገኝም። ክሬዲቱ የሚገኘው ሜይ ላይ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት በሚሰጠው ፈተና ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን ጁላይ ላይ ይወጣል። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱ 3 ከሆነ ክሬዲት ይሰጣሉ። ጠበቅ ያሉት 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ። ማትሪክ የተፈተነ ወላጅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ዓመት ሙሉ የተማሩት በአንድ ቀን ይለካል። ልዩነቱ፣ የኤፒ ፈተና ባይሳካ የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ልጁ ክሬዲቱን ያጣል፣ በዚያው ያበቃል።

እዚህ ላይ ለኛ ቤት የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ፋሲካ ሲዘገይ ከኤፒ ፈተና ጋር ይጋጠማል። በ2024 ፋሲካ ሜይ 5 ዋለ፣ ፈተናው በማግስቱ ሰኞ ተጀመረ። ፈተና ከሃይማኖት በዓል ጋር ከተጋጨ በሌላ ቀን መፈተን ይቻላል። ግን አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ የኤፒ አስተባባሪ መንገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ዱዋል ኢንሮልመንት፣ ሃይስኩል እያሉ ኮሌጅም መመዝገብ፣ ነው። ይህ የኮሌጁ ኮርስ ራሱ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ረኒንግ ስታርት ይሉታል፣ ሚኒሶታ ፒኤስኢኦ፣ ኦሃዮ ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ፣ ኮሎራዶ ኮንከረንት ኢንሮልመንት። ልጁ ወይ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ካምፓስ ድረስ ይሄዳል፣ ወይ ኦንላይን ይማራል፣ ወይ ሃይስኩሉ ውስጥ ፈቃድ ባለው አስተማሪ ይማራል። የመጨረሻ ዕጣው በአንድ ፈተና አይወሰንም። የቤት ሥራው፣ ሚድተርሙ፣ ፋይናሉ ተደምሮ ግሬድ ይወጣል። ያ ግሬድ ቋሚ የኮሌጅ ሪከርድ ነው። ኤ ቢሆንም ኤፍ ቢሆንም ልጁን ተከትሎት ይሄዳል።

አይቢ የሚባል ሌላ ፕሮግራምም አለ። ውጤቱ ከ1 እስከ 7 ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲት የሚሰጡት ሃየር ሌቭል ለተባሉት ኮርሶች ብቻ ነው። ክሌፕ ደግሞ ክፍል ሳይቀመጡ ተፈትነው ክሬዲት የሚያገኙበት የኮሌጅ ቦርድ ፈተና ነው። ከ20 እስከ 80 ይታረማል፣ የተለመደው ማለፊያ 50 ነው። የሚቀበሉት ሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ባይሆኑም ራሱን ችሎ ለሚያነብ ልጅ ርካሽ መንገድ ነው።

አማርኛም ለልጃችሁ ክሬዲት ሊያመጣ ይችላል። ሚኒሶታ ውስጥ በቋንቋ ፈተና የሁለት ቋንቋ ማኅተም ያገኘ የሃይስኩል ተማሪ ሚኒሶታ ስቴት በተባለው የኮሌጆች ሥርዓት ሥር ባሉ ኮሌጆች የቋንቋ ክሬዲት ይሰጠዋል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ደግሞ በፈተና የሃይስኩል የቋንቋ ክሬዲት ይገኛል። አማርኛ ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቤት ውስጥ በአማርኛ ያሳደጋችሁት ልጅ ስፓኒሽ ሁለት ዓመት ከመቀመጡ በፊት ይህን ካውንስለሩን ይጠይቅ። ማንበብና መጻፍም ስለሚፈተን ፊደሉን ማወቅ አለበት።

2. ለምን እንደፈለጋችሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ገንዘብ ለመቆጠብ ነው? በጊዜ ለመመረቅ ነው? ልጁ ሃይስኩሉ ስለቀለለው ነው? ወይስ ሙያውን ሞክሮ ለማየት? ዓላማው ሲለይ ምርጫው ይለያል። የሚቀልለው ልጅ አንድ ከባድ ኮርስ ይበቃዋል። ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ክሬዲቱ እንዳይባክን በጣም መጠንቀቅ አለበት። «ሌሎቹ ስላደረጉት» የሚለው ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ ዘንድሮ ይቅርባችሁ።

3. ክሬዲቱ የት እንደሚገባ አረጋግጡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከልጁ ጋር ላፕቶፕ ከፍታችሁ ተቀመጡ። ልጁ ሊያመለክት የሚያስበውን አራት አምስት ዩኒቨርሲቲ ጻፉ። አንዱ ወይም ሁለቱ የስቴታችሁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይሁኑ። ከዚያ የእያንዳንዱን የትራንስፈር ክሬዲት ሰንጠረዥ ፈልጉ። ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲስት የተባሉ ድረ ገጾች አሉ። ትራንስፈሮሎጂ ደግሞ በብዙ ስቴቶች ይሠራል።

ሰንጠረዡ ላይ በግራ በኩል የኮሚኒቲ ኮሌጁ ኮርስ አለ። በቀኝ በኩል ዩኒቨርሲቲው በምን እንደሚቆጥረው ተጽፏል። ከሦስት ነገር አንዱን ታያላችሁ። የመጀመሪያው ኮርሱ ከኮርስ ጋር ሲገጥም ነው። ለምሳሌ እዚህ የተወሰደው ኢንግሊሽ 101 እዚያ የመጀመሪያ ዓመት ራይቲንግ ኮርስ ሆኖ ከተጻፈ ጥሩ ነው፣ ልጁ ያን ኮርስ ድጋሚ አይወስድም። ሁለተኛው በኮርሱ ቁጥር ላይ ኤክስ ኤክስ ተደርጎበት ሲመጣ ወይም ኢሌክቲቭ (ነፃ ምርጫ) ተብሎ ሲጻፍ ነው። ክሬዲቱ ተቆጥሯል፣ ግን የሚተካው ኮርስ የለም። የዲፓርትመንቱን ግዴታ አያቃልልም። ሦስተኛው ጭራሽ አለመኖር ነው።

ወላጆች የሚሸወዱት ሁለተኛው ላይ ነው። «30 ክሬዲት ተቀብለውታል» ሲባል አንድ ዓመት የተቀነሰ ይመስላል። ከ30ው 18ቱ ኢሌክቲቭ ከሆነ ግን ልጁ ያሰበውን ያህል አልቀደመም። ባችለርስ ዲግሪ በሴሚስተር ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው፣ ኳርተር፣ ከሴሚስተር ያጠረ ተርም፣ በሚጠቀሙት ደግሞ 180። ያ ሁሉ ክሬዲት አንድ ዓይነት አይደለም። ጠቅላላ ትምህርት አለ፣ የዲፓርትመንቱ ግዴታ አለ፣ ነፃ ምርጫ አለ። ልጁ የሚያመጣው ክሬዲት የቱን እንደሚሞላ መለየት አለባችሁ።

እዚህ ላይ ሙያው ወሳኝ ነው። ሦስቱን፣ በየቤታችን በብዛት የሚነሱትን ልጥቀስ።

ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ልጅ መንገዱ ሰንሰለት ነው። ካልኩለስ አንድ ሳያልቅ ሁለት አይገባም፣ ካልኩለስ ሳይኖር ፊዚክሱ አይሄድም። ልጁ ሃይስኩል እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሶሲዮሎጂ፣ ፊልም፣ ስፒች ወስዶ አሶሺየት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሰንሰለቱን ካልጀመረው ግን ከፊቱ አራት ዓመት ሊቀረው ይችላል። ከስምንት የተበታተኑ ኮርሶች ይልቅ ካልኩለስና ኬሚስትሪ ይበልጥ ይጠቅሙታል።

ነርሲንግ ላይ ደግሞ ግሬዱን አስቡ። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች በአናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ በማይክሮባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ ግሬድ ያወዳድራሉ። በ16 ዓመት የተወሰደ አናቶሚ ሲ ሆኖ ከወጣ መግቢያው ላይ ይጎዳል። አንዳንዶቹ ደግሞ የሳይንስ ኮርስ የተወሰነ ዓመት ካለፈው አይቀበሉም። ሳይንሱን ለኋላ ትቶ ኢንግሊሽና ሳይኮሎጂ መጨረስ የተሻለ ነው።

ሕክምናን የሚያልም ልጅ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ። የሜዲካል ስኩል ማመልከቻ ማዕከል የሆነው ኤኤምካስ የኮሌጅ ትራንስክሪፕት በሙሉ ይጠይቃል፣ ሃይስኩል እያለ የወሰደውንም ጨምሮ። ከዓመታት በፊት በ11ኛ ክፍል ያገኘው የኮሌጅ ግሬድ ጂፒኤው ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ሜዲካል ስኩሎች ደግሞ ለመግቢያ ግዴታ የኤፒ ክሬዲት አይቀበሉም። ልጁ ባዮሎጂውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲወስድ ይፈልጋሉ።

የግል ዩኒቨርሲቲዎች ጉዳይ ለብቻው ነው። በጣም ተመራጭ ከሆኑት ብዙዎቹ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ክሬዲትን አይቀበሉም፣ ወይም ኮርሱ ለሃይስኩል ምርቃት ከተቆጠረ አይቀበሉም፣ ወይም ሃይስኩል ውስጥ ከተሰጠ አይቀበሉም። ዳርትማውዝ ኮሌጅ ለኤፒ ውጤት ክሬዲት መስጠት ካቆመ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ማለት ኮርሱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለመግባት ሲያመለክት ከባድ ትምህርት መውሰዱ ይታይለታል። ግን «ገንዘብ እንቆጥባለን» ብላችሁ ከሆነ የገባችሁበት፣ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ላይ አይሠራም። የስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለምሳሌ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ እስከ 90 የኳርተር ክሬዲት ድረስ ለዲግሪው ሊቆጥር ይችላል፤ የረኒንግ ስታርት ተማሪም የሚያመለክተው እንደ ፍሬሽማን ነው።

ፍሬሽማን የሚለው ነገር ራሱ መጠየቅ ያለበት ነው። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ከሃይስኩል ምርቃት በፊት የተወሰደ ክሬዲት የቱንም ያህል ቢበዛ ልጁን ፍሬሽማን ይለዋል፣ ለፍሬሽማን ስኮላርሺፕም ያወዳድረዋል። ከምርቃት በኋላ ባለው ሰመር የሚወሰድ ኮርስ ግን አንዳንድ ቦታ ትራንስፈር ተማሪ ያደርገዋል። ስኮላርሺፑ እንዳያመልጠው ለአድሚሽን ቢሮው ኢሜይል ጻፉ። ኢሜይሉን ልጁ ይጻፈው። የኮሌጁን ስም፣ የኮርሱን ስምና ቁጥር፣ የት እንደሚሰጥ፣ ለሃይስኩል ምርቃትም እንደሚቆጠር ይግለጽ። ከዚያ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ክሬዲቱን በምን ትቆጥሩታላችሁ? ፍሬሽማንነቴን ይነካል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፣ አስቀምጡት።

4. «ነፃ» የተባለውን መርምሩ

ነፃ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቱይሽኑ (የትምህርት ክፍያው) ነው። የቀረው በየስቴቱ ይለያያል።

ሚኒሶታ ውስጥ ፒኤስኢኦ ቱይሽኑንም፣ ፊውንም (ኮሌጁ የሚጠይቀውን ሌላ ክፍያ)፣ ግዴታ የሆነውን መጽሐፍም ይሸፍናል። ከ1985 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። ዋሽንግተን ስቴት ረኒንግ ስታርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ቱይሽን አያስከፍልም፣ መጽሐፍና ፊ ግን በቤተሰቡ ነው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ የፊ ቅናሽ አለ፣ ይጠየቅ። ጆርጂያ ውስጥ ስቴቱ የሚከፍለው እስከ 30 የሴሚስተር ክሬዲት ድረስ ነው፤ ስለዚህ የማይጠቅም ኮርስ ላይ አታባክኑት። ቴክሳስ በ2023 ባወጣው ሕግ ፋስት የሚባል ፕሮግራም ጀምሯል። ነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ የሚያገኝ ልጅ በፕሮግራሙ በሚሳተፉ ኮሌጆች ያለ ክፍያ ይማራል። ሌላ ስቴት ያላችሁ ካውንስለሩን በቀጥታ «ቱይሽን፣ ፊ፣ መጽሐፍ፣ ትራንስፖርት፣ እያንዳንዱን ማን ይከፍላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አራቱንም ለየብቻ ጠይቁ።

የኤፒ ፈተና አንዱ ወደ 100 ዶላር ይደርሳል። ለዝቅተኛ ገቢ ቅናሽ አለው። ምዝገባው ፎል ላይ ነው፣ ፈተናው ግን ሜይ ላይ። ኖቬምበር ላይ ቀኑ ካለፈ ቅጣት ይጨመርበታል።

ደረሰኝ የሌለው ወጪም አለ። ልጁ ከሃይስኩል ወደ ካምፓስ እኩለ ቀን ላይ በምን ይሄዳል? እናት የሆስፒታል ናይት ሠርታ ተኝታ ከሆነ፣ አባት ኤርፖርት መኪና ላይ ከሆነ ማን ያመላልሰዋል? አውቶቡሱን አንድ ቀን ራሱ ይሞክረው። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ አንድ ሰዓት ከሚፈጅበት፣ ሃይስኩሉ ውስጥ የሚሰጠውን ኮርስ ወይም ኤፒውን ቢወስድ ይሻላል። ኦንላይን መፍትሄ ይመስላል። ለ16 ዓመት ልጅ ግን ኦንላይን ከክፍል ይከብዳል፣ የሚቀሰቅሰው ሰው የለም።

5. ልጁን እዩት

ግሬዱን ብቻ አትዩ። ኤ የሚያመጣ ሆኖ እናቱ ካልቀሰቀሰችው የማይነሳ ልጅ አለ። ቢ እያመጣ ግን የራሱን ካላንደር የሚይዝ፣ አስተማሪውን ራሱ ኢሜይል የሚያደርግ አለ። ለኮሌጅ ክፍል የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ሰዓቱን አብራችሁ አስሉ። የተለመደው ስሌት ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የጥናት ሰዓት ነው። ባለ 3 ክሬዲት የሴሚስተር ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ክፍል፣ 6 ሰዓት ጥናት፣ ድምር 9። ባለ 5 ክሬዲት የኳርተር ኮርስ 15 ሰዓት ነው። ሁለት ከወሰደ 30 ሰዓት ሆነ። የሃይስኩል ክፍሎቹ፣ እግር ኳሱ፣ ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት መቀበሉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙሩ ገና አልተቆጠረም። ኳርተር ደግሞ ወደ 10 ሳምንት ብቻ ነው። ልጁ ሦስት ሳምንት ዘና ካለ ሚድተርም ደርሷል።

ከመመዝገቡ በፊት የኮርሱን ሲለበስ፣ ማለትም የኮርሱ ዕቅድና ደንብ የተጻፈበትን ወረቀት፣ ፈልጉና አንብቡ። ብዙ አስተማሪዎች ሲጠየቁ ያለፈውን ዓመት ይልካሉ። ሦስት ቦታ ላይ አተኩሩ። ግሬዱ በምን ይከፋፈላል? ሚድተርምና ፋይናል ብቻቸውን 60 በመቶ ከያዙ የቤት ሥራ በመሥራት የሚድን ነገር አይኖርም። የዘገየ ሥራ ይቀበላሉ? ሃይስኩል ውስጥ ብዙ አስተማሪዎች ድጋሚ ይፈትናሉ፣ ዘግይቶ የመጣ ሥራም ያርማሉ። ኮሌጅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። በሳምንት ስንት ገጽ ይነበባል? አንዱን ምዕራፍ ልጁ ፊታችሁ ቁጭ ብሎ ያንብብና ምን እንደሚል በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ይህ ከየትኛውም ምክር ይበልጥ ያሳያችኋል።

በቅርብ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ ካላችሁ አትቸኩሉ። እዚህ በመጣ በዓመቱ ጎበዝ የሒሳብ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡን ይውሰድ። ረጅም ድርሰት የሚጠይቀውን ኢንግሊሽ 101 ግን ሃይስኩሉ የእንግሊዝኛ ድጋፍ እየሰጠው እያለ ያጠናክርና ኋላ ይግባበት። ድጋፉ ሃይስኩል ውስጥ ነፃ ነው፤ በኋላ በገንዘብ ከሚፈልገው አሁን ይጠቀምበት።

ልዩ ድጋፍ የሚያገኝ ልጅ ከሆነ፣ አይኢፒው፣ ትምህርት ቤቱ ያወጣለት የድጋፍ ዕቅድ፣ ኮሌጁን አያስገድድም። ኮሌጁ የራሱ የዲሴቢሊቲ ቢሮ አለው። ልጁ ራሱ ሄዶ ወረቀቱን አሳይቶ መጠየቅ አለበት፣ ያም ክፍል ከመጀመሩ በፊት።

ለወላጅ የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። ኮሌጅ ውስጥ የወላጅ ስብሰባ የለም። በ1974 የወጣው ፈርፓ የሚባል ሕግ የትምህርት ሪከርድን መብት ኮሌጅ ለገባው ተማሪ ይሰጣል፣ ዕድሜው 18 ባይሞላም። ፕሮፌሰሩ ስልካችሁን ላያነሳ፣ ስለ ልጁ ግሬድ ላይነግራችሁ ይችላል። ልጁ ፈቃድ የሚሰጥበት ፎርም ስላለ ገና ሲመዘገብ ተነጋግራችሁ ይፈርም። በየሁለት ሳምንቱ ግሬዱን ራሱ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ተስማሙ። ይህን ማድረግ የማይፈልግ ልጅ ገና አልደረሰም።

6. ካውንስለሩን በአማርኛ አነጋግሩ

ካውንስለሩን ሳታገኙ አትወስኑ። እንግሊዝኛችሁ ለሥራ የሚበቃ ቢሆንም፣ ለዚህ ስብሰባ አስተርጓሚ ጠይቁ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ለወላጅ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ዋሽንግተን ዲሲም ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ መብት ሕግ አላት። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ነው የሚወራው፤ የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ቢነግራችሁ አይፈረድበትም።

ስትገቡ እነዚህን ያዙ። ኮርሱ የትኛውን የሃይስኩል ግዴታ ይተካል? የሃይስኩል ጂፒኤ ላይ እንዴት ይሰላል፣ ክብደትስ ይሰጠዋል? ቢወድቅ ምርቃቱ ይዘገያል? የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው። ልጁ ለምርቃት የሚያስፈልገውን የ12ኛ ክፍል ኢንግሊሽ ኮሌጅ ውስጥ ወስዶ ከወደቀ፣ ጁን ላይ ጋውን ለብሶ መውጣቱ አጠራጣሪ ይሆናል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ባለ 5 ክሬዲት የኮሌጅ ኮርስ አንድ ሙሉ የሃይስኩል ክሬዲት ነው፤ አንድ ሲወድቅ ብዙ ይጎድላል።

7. ወስኑ

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው።

የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ከምርጫው ውስጥ ካለ፣ ኮርሱ ከኮርስ ጋር የሚገጥም ከሆነ፣ ልጁ ራሱ ከፈለገው፣ አዎ በሉ። ግን በአንድ ኮርስ ይጀምር። ያን ኤ ወይም ቢ ካመጣ ሁለት ይጨምር። ከመጀመሪያው ሙሉ ቀን ኮሌጅ መግባት ከጠንካራ ተማሪም ጥቂቶች የሚችሉት ነው፤ ከጓደኞቹም ያርቀዋል።

ልጁ የሚያልመው ተመራጭ የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ ሃይስኩሉ ጥሩ ኤፒ ወይም አይቢ ካለው እሱ ይቅደም። ሃይስኩሉ ከፍ ያለ ትምህርት ከሌለው ግን የኮሚኒቲ ኮሌጁ ኮርስ ራሱ ጥንካሬውን ያሳይለታል።

ፍላጎቱ የእናንተ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ዘንድሮ ቤት ውስጥ ሕመም፣ ለቅሶ፣ ስደት፣ የቤት ለውጥ ካለ፣ ይቅር በሉ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ይመጣል። አንድ ዓመት ዘግይቶ ኤ ማምጣት ዘንድሮ ዲ ከማምጣት እጅግ ይሻላል። ዲ ሆኖ የወጣን ክሬዲት ብዙ ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም፣ ግሬዱ ግን ይቀራል።

8. ከተመዘገበ በኋላ

ክፍል በጀመረበት ቀን ሁለት ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው ድሮፕ ማድረጊያ ነው። እስከዚያ ከወጣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ምንም አይታይም። ሁለተኛው የዊዝድሮው ቀን ነው። እስከዚያ ከወጣ ደብልዩ ይጻፍበታል፣ ጂፒኤውን ግን አይነካም። ከዚያ ካለፈ ያገኘውን ግሬድ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ፈተና ክፉኛ ከተበላሸ፣ ፕሮፌሰሩን በኦፊስ አወር ሄዶ ያነጋግር፤ ከሃይስኩሉ ካውንስለር ጋርም ሳይማከር አይውጣ፣ የሃይስኩል ክሬዲቱ ይጎድልበታልና። ክፍል መሄድ ማቆም ድሮፕ ማድረግ አይደለም። ሳይመዘገብ የቀረ መውጫ ኤፍ ሆኖ ይመጣል።

ብዙ ደብልዩና ኤፍ ኋላ ፋይናንሻል ኤይድ ላይም ሊመጣ ይችላል። ኮሌጆች ዕርዳታ ለመቀጠል ተማሪው ከሞከረው ክሬዲት ምን ያህሉን እንደጨረሰና ጂፒኤውን ያያሉ። ሃይስኩል እያለ የወሰደው ሊቆጠርበት ይችላል። ልጁ ያንኑ ኮሌጅ ኋላ የሚቀጥልበት ከሆነ በተለይ ይጠንቀቅ።

የእያንዳንዱን ኮርስ ሲለበስ ፒዲኤፉን አስቀምጡ። ትልልቅ ሥራዎቹንም፣ የሳይንስ ከሆነ የላብ ሪፖርቱንም። ሃይስኩል ሲጨርስ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከኮሌጁ ራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው መላክ አለበት። የሃይስኩሉ ትራንስክሪፕት ላይ ኮርሱ ስለተጻፈ ብቻ ክሬዲቱ አይተላለፍም፣ ኮሌጁም ሳይጠየቅ አይልክም። የኤፒ ውጤትም እንዲሁ ከኮሌጅ ቦርድ መላክ አለበት። ይህን ጁላይ ውስጥ ጨርሱ። ልጁ ለኦሬንቴሽን ሄዶ ከአድቫይዘሩ ጋር ኮርስ ሲመርጥ ክሬዲቱ ሲስተም ውስጥ ካልገባ፣ የጨረሰውን ካልኩለስ እንደገና ሊያስመዘግቡት ይችላሉ። ገብቶም ኢሌክቲቭ ተብሎ ካገኘው፣ ያስቀመጠውን ሲለበስ ይዞ ወደ ዲፓርትመንቱ ይሂድና በድጋሚ እንዲታይለት ያመልክት።